ጉዳዩ፦ የተነፈግሁትን የ60,000 ነጥብ ቦነስ ስለመጠየቅ

ለባንኩ የክሬዲት ካርድ ደንበኞች ቅሬታ ክፍል
በሲልቨር ስፕሪንግ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ በኩል

በሦስት ወር ውስጥ በካርዱ 4,000 ዶላር ካወጣሁ 60,000 የሽልማት ነጥብ እንደምትሰጡኝ ቃል ገብታችሁ ነበር። ካርዱ መቼ እንደተፈቀደልኝና ዝርዝር ወጪዬ መዝገባችሁ ላይ ስላለ አልደግመውም። በስልክም በመልእክትም ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ። አሁን የምጽፈው ባለፈው ሐሙስ ሱፐርቫይዘራችሁ የተናገረኝን ይዤ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው። ካርዱን የሸጣችሁልኝ «በአማርኛ እናስተናግዳለን» የሚል ወረቀት ከለጠፋችሁበት መስኮት ጀርባ፣ በአማርኛ ነው። ቅሬታዬንም በአማርኛ ተቀበሉኝ።

ነገሩ ሁሉ ያለው ማርች 28 የሚለው ቀን ላይ ነው።

ማመልከቻው ላይ አዲሱን አድራሻዬን ብሞላም ካርዱን የላካችሁት ቀድሞ ወደነበርኩበት አፓርታማ ነው። ሦስት ሳምንት ገደማ ዘግይቶ እጄ እንደገባ በቀጥታ ቅርንጫፋችሁ ሄድኩ። የሄድኩት ለአንድ ጥያቄ ነው፤ 4,000 ዶላሩን የማወጣባቸው ሦስት ወራት የሚቆጠሩት ከመቼ ጀምሮ ነው? ባንኮች በአብዛኛው የሚቆጥሩት ማመልከቻው ከጸደቀበት ቀን እንጂ ካርዱ ፖስታ ሣጥን ከገባበት ቀን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስለማውቅም ነው የጠየቅሁት። የሌሎች ባንኮች አፕ ስንት ዶላር እንደቀረና እስከ መቼ ጊዜ እንዳለ ያሳያል፤ የእናንተ ግን አያሳይም።

ያስተናገደችኝ ሠራተኛ በትሕትና ተቀብላ ኮምፒውተሯን ከፍታ አየች። «ጋሼ፣ ካርዱ የዘገየው በእኛ ስለሆነ ቀኑ ይስተካከልልዎታል። እስከ ማርች 28 ጊዜ አለዎት» አለችኝ። «እርግጠኛ ነሽ እህቴ? ነገ ሌላ ሰው ተነስቶ ሌላ ነገር እንዳይለኝ» አልኳት። «መዝግቤዋለሁ፣ አያስቡ» አለችና በማስታወቂያው ወረቀት ጀርባ «4,000 እስከ 3/28» ብላ ጽፋ፣ ቀን አድርጋ ፈረመችበት። ቅጂው ተያይዟል። በእሷ ላይ አንዳች ነገር እንድታደርሱ አልፈልግም። የባንኩን ወንበርና ኮምፒውተር ሰጥታችሁ ያስቀመጣችኋት እናንተ ናችሁ።

የቤቴን ወጪ ያደላደልኩት በዚህ ቃል ነው። ለነጥብ ብዬ የማያስፈልገኝን ዕቃ አልገዛሁም። የቤት ኪራይ በካርድ ልክፈል ብል መሐል ያለው ድርጅት ወደ ሦስት በመቶ የሚጠጋ ይወስዳል። አገር ቤት የምልከውን ገንዘብ በካርዱ ብልክ ደግሞ እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ተቆጥሮ ለቦነሱ አይገባም፤ ወለዱም ከዚያው ቀን ይጀምራል። ስለዚህ አስቤዛውን፣ ነዳጁንና የልጆቹን ጥርስ ሐኪም በካርዱ እየከፈልኩ፣ የሁለቱን መኪኖች የስድስት ወር ኢንሹራንስ ለመጨረሻ አስቀመጥኩት። 1,180 ዶላር ነው። ማርች 21 ከፈልኩ፤ ጠቅላላው 4,312 ዶላር ሆነ። ሒሳቡንም በየወሩ ሙሉ በሙሉ ከፍያለሁ። አሁን እንደምትሉት የመጨረሻው ቀን ማርች 9 ነው ብላችሁኝ ቢሆን ኖሮ ኢንሹራንሱን አስቀድሜ እከፍል ነበር፤ ገንዘቡ በእጄ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው መጉላላት ነው። አንዱ «ሁለት ስቴትመንት ጠብቅ» አለኝ፤ ሁለት የወር ሒሳብ መግለጫ እስኪመጣ ጠበቅሁ። ሌላዋ «ገብቷል፣ ሲስተሙ ነው ያላሳየው» አለች። ሦስተኛው «መጀመሪያውኑ አይገባህም» አለኝ።

ሐሙስ ዕለት ሱፐርቫይዘሩ ስልክ ላይ መጣ። ቀኑ ማርች 9 እንደነበረ፣ የተመዘገበ ማስታወሻም እንደሌለ ነገረኝ። በሠራተኛችሁ እጅ የተጻፈና የተፈረመ ወረቀት እንዳለኝ ስገልጽለት፣ የቅርንጫፍ ሠራተኛ የካርዱን ውል መለወጥ አትችልም አለ። ውሉን እንድፈርም ማድረግ ግን ትችላለች ማለት ነው? ይህን ስጠይቀው «ምናልባት ከሠራተኛዋ ጋር በቋንቋ ምክንያት ሳትግባቡ ቀርታችሁ ይሆናል፤ አስተርጓሚ ላቅርብልህ?» አለኝ። እኔና እሷ የተነጋገርነው በአፍ መፍቻ ቋንቋችን ነው። ከእሱም ጋር እስከዚያች ደቂቃ በእንግሊዝኛ አንዲት ቃል ሳንደጋግም ስናወራ ነበር። ቋንቋ ያልገባኝ ሆኖ የታየው መብቴን ስጠይቅ ብቻ ነው። ይህን ዝቅ አድርጎ መመልከት እንጂ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

ስልኩን ሊዘጋ ሲል ደግሞ «ነጥቡኮ ስጦታ ነው፣ ዕዳ አይደለም» አለ። ስጦታ አይደለም። ስጦታ የሚሰጥ ሰው ይህን ያህል አውጣ፣ በዚህ ቀን ጨርስ አይልም። እናንተ አላችሁ፤ እኔም ፈጸምኩ። 95 ዶላር ዓመታዊ ክፍያችሁን ገና በመጀመሪያው ስቴትመንት ወስዳችኋል። ካርዱን በተጠቀምኩ ቁጥርም ከነጋዴው ድርሻችሁን አግኝታችኋል። የእናንተ ሲደርስ የእኔ ብቻ ስጦታ የሚሆነው እንዴት ነው?

ነጥቡን ስታር አሊያንስ ወደሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል አየር መንገድ አዛውሬ፣ ልጆቼን ከደለስ አየር ማረፊያ አዲስ አበባ ወስጄ ደብረ ብርሃን ያለችውን አያታቸውን ላሳያቸው ነበር። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወቅት በነጥብ የሚገኝ መቀመጫ ጥቂት ነው፤ የገንዘቡ ትኬትም ይወደዳል። እናንተ ስታመላልሱኝ ያየሁት መቀመጫ አልቋል። እናቴ ትልቅ ሰው ናት፤ ለሚቀጥለው ዓመት ብዬ የምቀጥራት አይደለችም።

ሌላውን ትቼው ነበር፤ ካነሣሁ አይቀር ግን ልናገረው። የባለቤቴ ተጨማሪ ካርድ እስከ ዛሬ አልመጣም። ጎማ ልቀይር ስከፍል ካርዱን አግዳችሁ በሰው ፊት አቁማችሁኛል። ለጽሑፍ መልእክቶቼ የምትመልሱልኝ ደግሞ ስሜን እንኳ በትክክል ያልጻፈ፣ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ነው።

ስለዚህ 60,000 ነጥቡ ሳይሸራረፍ እንዲገባልኝ እጠይቃለሁ። 95 ዶላሩም እንዲመለስ እጠይቃለሁ፤ ከሐሙስ በፊት ይህን አልጠየቅሁም ነበር። የሐሙሱን የስልክ ቅጂ ኃላፊ የሆነ ሰው አዳምጦት ስለ አስተርጓሚው ንግግር የጽሑፍ ይቅርታ ይላክልኝ።

በ15 ቀናት ውስጥ ይህ ካልሆነ ጉዳዩን ለፌዴራሉ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ ከነወረቀቱ አቀርባለሁ። በ2010 የወጣው የዶድ-ፍራንክ ሕግ የፋይናንስ ድርጅት ደንበኛን እንዳያታልል እንደሚከለክል እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። የዕድራችን ገንዘብ ያዥ እንደመሆኔም በሚቀጥለው ስብሰባ የዕድሩ ሒሳብ ከባንካችሁ እንዲወጣ ሐሳብ አቀርባለሁ። አባላቱ አማርኛውን ማስታወቂያችሁን አንብበው የመጡ ናቸው፤ የደረሰብኝንም በዚያው በአማርኛ እነግራቸዋለሁ።

እባካችሁ በስልክ አትደውሉልኝ። መልሳችሁን ቀንና ፊርማ ያለበት ጽሑፍ አድርጋችሁ፣ በትክክለኛው አድራሻዬ ላኩልኝ።

ከአክብሮት ጋር
የካርዱ ባለቤት
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

አባሪ፦ በሠራተኛችሁ የተፈረመው ወረቀት ቅጂ፣ የማርች ወር ስቴትመንት፣ የኢንሹራንስ ክፍያ ደረሰኝ