ወረቀቶቼን ለመለሳችሁልኝ የሰፈሬ ሰዎች

አሁን ይህን ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ እርድ የነካው አንድ ወረቀት አለ። ዳሩ ቢጫ ሆኗል። ከአጠገቡ የሳምቡሳ ዘይት የጠጣ ሌላ አለ፤ ብርሃን ላይ ሲያዙት ጽሑፉ ከወዲያ በኩል ይታያል። እነዚህን ወረቀቶች ለመለሳችሁልኝ የደቻቱ ወንዝ ዳር ጎረቤቶቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ አላህ ይስጥልኝ።

ብዙዎቻችሁ በመምህርነቴ ነው የምታውቁኝ። አማርኛ አስተምራለሁ፣ 11ኛ ክፍል። ማታ ማታ ልብ ወለድ እንደምጽፍ የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። ስድስት ዓመት የለፋሁበት መጽሐፍ ስለ 1998ቱ የድሬዳዋ ጎርፍ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ውሃ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የምናውቀውን ደቻቱን ሞልቶ የተኛ ሰው ከነቤቱ ወሰደ። ከ200 በላይ ሰው አጣን። እኔ ያን ጊዜ ለትምህርት ከድሬ ውጭ ነበርኩ። ስለዚያች ሌሊት በጻፍኩ ቁጥር ይሄ ነገር ይከነክነኝ ነበር።

እናቴን ሁለት ዓመት አስታምሜ ጥር ላይ ቀበርኳት። በዚያው ሰሞን አንድ አሳታሚ ከዓመት በላይ ያቆየውን ረቂቄን በሁለት መስመር መለሰልኝ። እንቅልፍ ራቀኝ። ምግብ አልወርድ አለኝ። አንድ ቀን ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ «ተሳቢ» ብዬ ልጽፍ «ተሳ» ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ምን ልጽፍ እንደነበር ጠፋኝ። ስልሳ ተማሪ አንድም ሳይስቅ፣ አንድም ሳያንሾካሹክ፣ ደወል እስኪደወል ጠበቀኝ። ልጆቼ፣ ያን ዝምታችሁን መቼም አልረሳውም።

በማግስቱ ሥራ አልገባሁም። በሳምንቱ አሥራ አንዱን ደብተሬን ሰብስቤ ሱቅ ወሰድኩና «ለመጠቅለያ ይሁንህ» አልኩት። ባለሱቃችን አየኝ እንጂ ምንም አልጠየቀኝም።

በአራተኛው ቀን ማታ በሬ ተንኳኳ። ደብተሮቹን በፌስታል ይዞ ቆሟል።

«ቲቸር፣ ወላሂ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ አንድም አልቀደድኩም። ከዚያ በፊት ግን ከአንዱ ደብተር 45 ወረቀት ሄዷል። ለማን ምን እንደሸጥኩ አውቃለሁ። እዞራለሁ አቦ፣ አታስቢ።»

ዞረም። በድሬ ፀሐይ፣ ሱቁን ለታናሽ ወንድሙ እየተወ፣ ቤት ለቤት ጠየቀ። እናንተም ፈልጋችሁ ሰጣችሁት። አንዷ እናት የተጨማደደውን በካውያ ተኩሳ ላከችልኝ። አንዷ ደግሞ «ልጄ ጀርባው ላይ ሥዕል ስሎበታል» ብላ ይቅርታ ልትጠይቀኝ መጣች። ሥዕሉ የባጃጅ ነው፤ ሦስቱም ጎማ አለው፤ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። 38 ወረቀት ተመለሰ።

እርድ የነካውን ያመጡልኝ አንዲት እናት ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ራሳቸው ያውቁታል። የልጅ ልጃቸው አንብባላቸው ኖሮ ገና ሳይቀመጡ «ልጄ፣ ተሳስተሻል» አሉኝ።

«ጎርፉ እየሮጠ መጣ ብለሽ ጽፈሻል። አልሮጠም። ቆሞ ነው የመጣው፣ እንደ ግድግዳ።»

ከዚያ ቁጭ ብለው ነገሩኝ። በዚያች ሌሊት ወንድ ልጃቸውን አጥተዋል። ሲነጋ ጭቃ የሞላው ድስት አግኝተው ሲያጥቡ ነው ሰው የደረሰባቸው። «ልጅሽስ?» ሲሏቸው «ቆይ፣ ድስቱን ልጨርስ» ማለታቸውን ነገሩኝ። ይህን ሲሉ እጃቸው ጭናቸው ላይ ክብ እየሠራ ያሽ ነበር፤ ድስቱ አሁንም እጃቸው ላይ ያለ ይመስል። እኔ ስለዚያ ጠዋት ሃያ ገጽ ጽፌያለሁ። ሃያው ገጽ ውስጥ የለቅሶና የጩኸት መዓት አለ፤ ድስት የሚያጥብ ሰው ግን የለም።

እማማ፣ ያን ቀን ከሄዱ በኋላ ከእናቴ ቀብር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ። ከዚያም ተኛሁ።

በዚህ ብቻ ዳንኩ ማለት ግን ልክ አይሆንም። የሥራ ባልደረባዬ እጄን ይዛ ሐኪም ጋ ባትወስደኝ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ሐኪሙ «ይሄ ስንፍና አይደለም፣ እምነት ማጣትም አይደለም፤ ድብርት የሚባል ሕመም ነው፣ ይታከማል» አለኝ። መድኃኒቴን እየወሰድኩ ነው። ይህን በአደባባይ የምናገረው እንደኔ ሳይታከም ቤቱን ዘግቶ የተቀመጠ ሰው ካለ እንዲሰማኝ ብዬ ነው። የትምህርት ክፍሌ መምህራን አምስት ሳምንት ሙሉ ክፍለ ጊዜዬን ተካፍላችሁ አስተማራችሁ፣ ፈተናዬንም አረማችሁ። እድርተኞቼ፣ ከአርባም በኋላ እግራችሁን አላሳጠራችሁም። እህቴ፣ በየቅዳሜው ከሐረር የደንገጎን ጠመዝማዛ ወርደሽ፣ ሆጃ የሚባለውን የሐረር ትኩስ መጠጥ በፔርሙዝ ይዘሽ መጣሽ። አንድም ቀን «አይዞሽ፣ በርቺ» አላልሽኝም። ፀጉሬን ሠርተሽኝ ነበር የምትሄጂው።

ሰባት ወረቀት ገና አልተገኘም። ባለ ካሬ ደብተር ነው፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ። እናንተ ጋ ካለ ሱቁ ጋ ተዉልኝ። ቢቆሽሽም፣ ቢቀደድም ችግር የለውም።

የጎርፉን ምዕራፍ እንደ አዲስ ጽፌዋለሁ። እማማ፣ እሁድ ከሰዓት ለቡና እመጣለሁ፤ ጮክ ብዬ አነብልዎታለሁ። ያልሆነ ነገር ሲሰሙ ያስቁሙኝ።

አክባሪያችሁ፣
የአማርኛ መምህሯ
ድሬዳዋ