ጥለቱ ሁለት ጣት ይበቃል

ደብረ ማርቆስ፣ ጎጃም

ይድረስ ለውድ እታለም፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልሆንሁም።

አራት ዓመት ሙሉ ጠፋሁብሽ። እናትሽ ያረፉ ጊዜ ለቅሶ ደርሻለሁ፤ እስከ ሠልስት አብሬ ዋልሁ። ላንቺ ግን አንዲት መስመር መጻፍ አቃተኝ። ነገ እጽፋለሁ ስል ወር አለፈ። ወሩ ሲያልፍ አፈርሁ። ካፈርሁ በኋላ ደግሞ በምን አፌ ልጀምር? ይቅር በይኝ፣ እህቴ።

ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ የእናትሽ ቀሚስ ነው። ባለፈው ሳምንት ታናሽሽ ይዛው ስፌት ቤቴ መጣች፤ በልኳ እንዳጠብብላት። የጥምቀቱ ቀሚስ ነው፤ ታውቂዋለሽ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ገለበጥሁት። ውስጡና ውጪው አይለይም! ቅምቅማቱ በእጅ የተሠራ ነው፤ ክሩ ፈትሉ ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል። ጥለቱ ሁለት ጣት ብቻ ነው። ወይን ጠጅ ሆኖ በመሀሉ አንዲት ቀጭን ቢጫ መስመር አለችው። ደረቱ ላይ ትንሽ መስቀል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። እናትሽ ግን ያንን ለብሰው ታቦት ሲሸኙ ሁለታችንም ዓይናችንን ከእሳቸው መንቀል ያቅተን ነበር።

ትከሻውን ይዤ ሳነሣው ቀሚሱ ቀጥ ብሎ ወረደ። ጠርዙን በጣቴ ዳሰስሁት። ጥለቱ ከሌላው ይከብዳል፤ ተጨማሪ ማግ ስለሚገባበት ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ስሰፋ ጥለት ለጌጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ቀሚሱን ወደ ታች የሚይዘውም እሱ ኖሯል።

ያኔ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ስትማሪ የነገርሽኝ ትዝ አለኝ። የፓሪሷ ልብስ ዲዛይነር የሻኔል ጃኬት ጫፉ ላይ፣ በገበሩ በኩል፣ ቀጭን ሰንሰለት ይሰፋበታል ብለሽኝ ነበር። ከውጭ አይታይም፤ ጃኬቱ ግን ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ ያደርገዋል። እኔ አላመንሁሽም ነበር። የፓሪሷ ሰፊና የእኛ ሸማኔ ሳይተዋወቁ አንድ ነገር አውቀዋል።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ስለ እነዚህ ዲዛይነሮች በስልኬ ሳነብ አመሻለሁ። አንቺ የተማርሽው ነው፤ ለእኔ ግን አዲስ ነው። ሻኔል የወንድ የውስጥ ልብስ ይሠራበት የነበረውን ጀርሲ የሚባል ጨርቅ ወስዳ ለሴት ልብስ አደረገችው። እ.ኤ.አ. በ1926 ያ ቀላል ጥቁር ቀሚሷ በቮግ መጽሔት ሲወጣ ከፎርድ መኪና ጋር አመሳሰሉት፤ ሁሉም ሊለብሰው ነው ለማለት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ ክርስቲያን ዲዮር የሚባል ሌላ ዲዛይነር መጣና ነገሩን ገለበጠው። ወገቡ ጥብቅ ያለ፣ ብዙ ሜትር ጨርቅ የሚበላ ሰፊ ጉርድ ይዞ መጣ። ጨርቅ ገና በራሽን በነበረበት ጊዜ ይህ ብክነት ነው ብለው የተቆጡ ሴቶች ነበሩ። ጉርዱን የወደዱት ላይ ግን አልፈርድም። ስንት ዓመት እየቆጠበች የለበሰች ሴት ሰፊ ቀሚስ ቢያምራት ምን ይገርማል? የእኛም ሙሽሮች እንዲሁ ናቸው። የታላቅ እህቷን ልብስ እየለበሰች ያደገች ልጅ በሠርጓ ቀን ከአንገቴ እስከ እግሬ ጥልፍ በጥልፍ ልሁን ብትል ይገባኛል።

የማይዋጥልኝ የታተመው ነው። ገበያውን ጥበብ የሚመስል የታተመ ጨርቅ ሞልቶታል። አምና ከአንድ ሱቅ ገዝቼ ለአንዲት ልጅ ሰፋሁላት። በመጀመሪያው እጥበት ቀዩ ነጩ ላይ ፈሰሰ። ልጅቷ ይዛው መጥታ ፊቴ ቆማ አለቀሰች። ገንዘቧን መለስሁላት፤ ነገሩ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። እጄ ያረፈበት ልብስ ነዋ!

ደግሞ ሰው «ቀለል ያለ ነገር ስፊልኝ» ሲለኝ ዋጋው የሚቀንስ ይመስለዋል። ዥንጉርጉር ጨርቅ ጠማማ ስፌት ይሸፍናል። ነጭ ፈትል ምን ይሸፍናል? ትከሻው ትንሽ ቢዛነፍ ከሩቅ ያስታውቃል። እናትሽን የሰፋላቸው ሰው ማን ይሆን እያልሁ ሦስት ቀን አሰብሁ። እጁን ብስመው ደስ ይለኝ ነበር።

ሻኔል እ.ኤ.አ. በ1954 ወደ ሥራዋ ስትመለስ 70 ዓመት ሆኗት ነበር። ያቺ አሮጊት የሠራችው ሴት እጇን እንደ ልብ የምታነሣበት ጃኬት ነው፤ ኪሱም እውነተኛ ኪስ። በኋላ ደግሞ ፊቢ ፋይሎ የምትባል ዲዛይነር እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል ሴሊን በሚባለው የፓሪስ ልብስ ቤት ስትሠራ ብዙ ሴቶች በዚያው መንገድ ወደዷት፤ ጥሩ ጨርቅ፣ ጥሩ ቁርጥ፣ ጩኸት የሌለው ልብስ። የእኛዋ ሞዴል ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 ለምለም የሚባለውን የልብስ ድርጅቷን ስትጀምር ያሰበችው የአገራችን ሸማኔዎች ሥራ እንዳያጡ ነው። ልብሶቿን በፎቶ ሳያቸው ሆዴ ተንሰፈሰፈ። ሸማችን ነው እኮ፤ ጥቂት መስመር ጣል ጣል ተደርጎበት።

የእናትሽን ቀሚስ አልቆረጥሁትም። ጎኑን ወደ ውስጥ አጥፌ በስፌት ብቻ ያዝሁት፤ ነገ የሚሰፋው ቢፈልግ እንዲተረትረው። ታናሽሽ ለብሳ መስታወት ፊት ስትቆም ሁለታችንም ዝም አልን።

ከዚያ ቀሚሱን ይዤ አባባ ሸማኔው ዘንድ ሄድሁ። ከጉድጓዳቸው ሳይወጡ ጥለቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው አሉኝ፤ ሳያዩ። እንደዚህ ያለ ጥለት ያዘዛቸው ሰው ከጠፋ ቆይቷል። አሁን ሁሉም አንድ ክንድ የሚሞላ ነው የሚፈልገው። ይኸኛውን እንዲሠሩልኝ ለመንኋቸው። እሺ ብለውኛል፤ ለጥምቀት ያደርሱታል። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ?

ቀሚሱ ያንቺ ነው። ድሮ የወሰድሁት ልክሽ ደብተሬ ላይ አለ። ግን ከዚያ ወዲህ ሁለት ልጅ ወልደሻል አሉኝ፤ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ስለዚህ ደረትሽን፣ ወገብሽን፣ ከትከሻሽ እስከ ቁርጭምጭሚትሽ ያለውን ቁመት ለክተሽ ላኪልኝ። ስትለኪ ጫማ እንዳታደርጊ።

የማትረሳሽ እህትሽ