የልብስ አጣቢዋ ልጅ ባንክ

ልጄ፣ እንደምን አለሽልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «እማ፣ ባንክ እያለ እስካሁን እቁብ ትጥያለሽ?» ያልሽኝ ከልቤ አልወጣም። ተቀይሜሽ አይደለም። መልሱ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው። ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጋር እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ ከአሌክሳንድሪያ ሪችመንድ ድረስ ወርደን፣ ድሮ ባንክ ያቋቋመችውን የጥቁር አሜሪካዊቷን የማጊ ሊና ዎከርን ቤት አይተን መጣን። መንገዱን ሙሉ የማስበው አንቺን ነበር።

ማጊ የሪችመንድ ልጅ ናት። እናቷ በባርነት የኖረች ሴት ነበረች። የእንጀራ አባቷ እ.ኤ.አ. በ1876 ወንዝ ውስጥ ሞቶ ሲገኝ፣ እናቷ የሰው ልብስ እያጠበች ልጆቿን ማሳደግ ያዘች። ቅርጫቱን ተሸክማ የነጮቹ ቤት ድረስ የምታመላልሰው ትንሿ ማጊ ነበረች። ኋላ ትልቅ ሰው ሆና እንኳ «የልብስ ቅርጫት ራሴ ላይ ይዤ ነው የተወለድኩት ማለት ይቻላል» ትል ነበር።

ይህን ስሰማ እንባዬ መጣ። አያትሽም ልብስ አጣቢ ነበረች። ብዙ አልነገርኩሽም፣ ጥፋቱ የኔ ነው። በረኪናው ጣቶቿን ይልጠው ስለነበር ማታ ማታ ቅቤ ትቀባቸዋለች። የተተኮሰውን ልብስ በዘንቢል ይዤ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። የምትከፈለውን ሳንቲም አንዲት የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ታጠራቅማለች፤ ጣሳዋን ማንም አይነካትም።

ማጊ በ14 ዓመቷ የቅዱስ ሉቃስ ማኅበር የሚባል የጥቁሮች ማኅበር ገባች። የኛን እድር አስቢው። አባል ሲታመም ያስታምማል፣ ሲሞት ይቀብራል። ተምራ አስተማሪ ሆነች፤ በ1886 ስታገባ ግን ማስተማሩ ቀረ። ያኔ ያገባች ሴት ማስተማር አይፈቀድላትም ነበር። ማኅበሩን ግን አልተወችም። በ1899 መሪነቱን ስትረከብ ካዝናው ውስጥ 31 ዶላር ከ61 ሳንቲም ብቻ ነበር። አስቢው፣ ልጄ!

ከሁለት ዓመት በኋላ አባላቱ ፊት ቆማ፣ ገንዘባችንን አንድ ላይ እናድርገው፣ ሳንቲማችንን ተቀብሎ ዶላር የሚያደርግ የራሳችን ባንክ ይኑረን አለቻቸው። ኅዳር 1903 ባንኩ ተከፈተ። በአሜሪካ ባንክ አቋቁማ ፕሬዚዳንት የሆነች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እሷ ናት። በመጀመሪያው ቀን ከ8 ሺህ ዶላር በላይ ገባ። እኔን የነካኝ ግን ከዚያ ሁሉ መሃል 31 ሳንቲም ይዞ የመጣው ሰው ነው። ማንም «ይቺማ ምን ትሆናለች» አላለውም።

ለሕፃናት ትንንሽ የካርቶን ሳጥን ይሰጣቸው ነበር። መቶ ሳንቲም ሲሞላላቸው በአንድ ዶላር ደብተር ይከፈትላቸዋል። በልብስ አጣቢዎችና በሠራተኞች ሳንቲም የቆመው ባንክ በ1920 ገደማ 600 ያህል ቤተሰብ ቤት እንዲገዛ አድርጎ ነበር።

ኑሮዋ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1915 ልጇ ሌባ የገባ መስሎት በስህተት አባቱን ተኩሶ ገደለው። ፍርድ ቤት ነጻ ቢለቀውም፣ እናት ይህን እንዴት እንደምትችለው እኔ አላውቅም። እሷ ግን ሥራዋን ቀጠለች። ኋላ እግሯ አልታዘዝ ሲላት ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆና ትሠራ ነበር፤ ለወንበሩ ብላ ያስገባችው አሳንሰር እስካሁን ቤቱ ውስጥ አለ። ኢኮኖሚው ሲናጋና ባንኮች ሲዘጉ የሷ ከሌሎች ጋር ተዋህዶ ተረፈ። በ1934 ስታርፍ የቦርዱ ሰብሳቢ ነበረች።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ማጊ ባንኩን የከፈተችው ማኅበሩን ኋላ ቀር ነው ብላ ጥላ አይደለም። ባንኩ የወጣው ከዚያው ከማኅበሩ ሆድ ነው። ሰዎቹ ቀድሞ ይተዋወቁ ነበር፤ አብረው ቀብረዋል፣ አብረው አስታመዋል። ስለዚህ ሳንቲማቸውን አመኗት።

እኔም እዚህ አገር እንደመጣሁ እንጀራ ጋግሬ ለመሸጥ አንድ ባንክ ብድር ጠይቄ ነበር። አንቺ አራት ዓመትሽ ነው፣ ጉልበቴ ላይ ብስኩት ትበያለሽ። «የክሬዲት ታሪክ የለሽም» አሉኝ። አሥራ ሁለት ሴቶች ሆነን እቁብ ጀመርን። የመጀመሪያው እጣ ለሌላ ሴት ወጣ። ማታ ቤቴ ድረስ መጥታ «አንቺ ልጅ አለሽ፣ ቅደሚ» ብላ ፖስታውን ሰጠችኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምጣዶች የገዛሁት በዚያ ነው። የኮሌጅሽም ክፍያ ከነዚያ ምጣዶች ነው የወጣው።

የፊታችን እሁድ እጣ አለ፣ እኔ ቤት ነው። ከቻልሽ ነይ። የአያትሽ ጣሳ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ናት፣ ላሳይሽ እፈልጋለሁ።

እናትሽ