ወታደሩን ሳትጠይቁ በወታደር ስም አትናገሩ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት በተለያዩ አገሮች ሠራዊት ውስጥ ስለሚያገለግሉ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ያወጣችሁትን ዘገባ ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ አሜሪካና ስለ እንግሊዝ የጻፋችሁት አብዛኛው ልክ ነው። እኔን ያበሳጨኝ ወደ መጨረሻው ላይ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «የትኛውም ኢትዮጵያዊ ወታደር ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጎን ተሰልፎ አያውቅም፤ አይሰለፍምም» ይላል። ማን እንዳለው አልተጻፈም። ጋዜጠኛው ከራሱ ነው ያመጣው።

ማንን ጠይቆ? ዘገባው ውስጥ አንድ የሕግ ባለሙያ አለ። አንድ የሃይማኖት መምህር አለ። ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ ሲጠብቁ የተገኙ ወጣቶችም አሉ። ወታደር ግን የለም። በሥራ ላይ ያለ ወታደር ብድግ ብሎ ለጋዜጣ እንደማይናገር አውቃለሁ። ጡረተኛው ምን ሆነ? ይህች ከተማ በጡረተኛ ወታደር የተሞላች ናት። የሰፈር ጥበቃው፣ የታክሲ ተራ አስከባሪው፣ የባንክ በር ላይ ፈታሹ፣ ስንቱ የቀድሞ ወታደር ነው።

ደግሞም ጋዜጠኛችሁ አግኝቶን ነበር። ከስታዲየም ጀርባ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሰባሰብበት ቡና ቤት መጥቶ፣ አብሮን ቁጭ ብሎ፣ ወንዶቹን አንድ በአንድ ቀድቷቸዋል። ወደ እኔ ሲዞር ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? «እናቴ፣ እርስዎ የማን ባለቤት ነዎት?» አለኝ። የማንም ባለቤት ሆኜ አይደለም እዚያ የተቀመጥኩት። ሃምሳ አለቃ ነበርኩ። የሠራዊቱ ነርስ ነበርኩ። ቁስለኛ ተሸክሜያለሁ። ይህን ስነግረው ፈገግ ብሎ መቅጃውን አጠፋ። የወንዶቹም ቃል ቢሆን አልወጣም። ምናልባት የሚፈልገውን አላሉለትም ይሆናል።

ወደ ዓረፍተ ነገሩ ልመለስ። «ተሰልፎ አያውቅም» የሚለው ውሸት ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

የአፍሪካ ኅብረት የመጀመሪያው የሰላም ማስከበር ተልዕኮ የተላከው ወደ ቡሩንዲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003። ወታደር ያዋጡት ሦስት አገሮች ናቸው፦ ደቡብ አፍሪካ፣ ኢትዮጵያና ሞዛምቢክ። ተልዕኮው በዓመቱ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ተዛወረ። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ያጸደቀችው ሕገ መንግሥት ደግሞ ሰው ማንን እንደሚያፈቅር አይቶ ማድላትን በግልጽ ከልክሏል። ሠራዊቷም የሚተዳደረው በዚያው ሕገ መንግሥት ነው። እንግዲህ እኛ ቡሩንዲ ስንገባ ጎናችን የነበረው ሠራዊት የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች በሕግ ተፈቅዶላቸው የሚያገለግሉበት ሠራዊት ነበር። ጋዜጠኛችሁ አስተያየት ከሰበሰበበት ከሜክሲኮ አደባባይ የኅብረቱ ዋና ጽሕፈት ቤት ሩቅ አይደለም። ሄዶ መጠየቅ ይችል ነበር።

እኔ እዚያ ነበርኩ። ቡጁምቡራ ውስጥ የማውቃት አንዲት ደቡብ አፍሪካዊት ነርስ ነበረች። ቤቷ የምትጠብቃት ሴት መሆኗን ደብቃ አታውቅም። ፎቶዋን ከመታወቂያዋ ጋር ነበር የምትይዘው። የእኛ ልጆች መጀመሪያ ሲሰሙ ደነገጡ። አንዳንዱም አማተበ። ከዚያ የወባ በሽተኛው በዛ፣ ግሉኮስ አለቀ፣ ሥራ መጣ። ያቺ ሴት እንቅልፍ አታውቅም ነበር። ከእኛ ወታደሮች አንዱም «እሷ መርፌ አትውጋኝ» ሲል አልሰማሁም። ሁሉም ሐሳቡን ቀየረ አልልም፤ አልቀየረም። ግን ተሰልፏል። አብሯት ሠርቷል። ዘገባችሁ የካደው ይህንን ነው።

«አይሰለፍምም» የሚለውንስ? እዚህ ላይ እንኳ የሚጠቀስ ነገር ነበራችሁ። የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ማንነታቸውን ካልደበቁ በቀር በሠራዊቱ እንዳያገለግሉ የከለከለው፣ «አትጠይቅ፣ አትናገር» የሚባለው የአሜሪካ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1993 ወጥቶ በ2011 መቅረቱን ጽፋችኋል። በዚያ ደንብ ከ13,000 በላይ ወታደሮች መባረራቸውን ግን አልጻፋችሁም። ከእነሱ መካከል ሠራዊቱ አጥብቆ ይፈልጋቸው የነበሩ የዐረብኛ ቋንቋ ባለሙያዎች ነበሩበት። ደንቡ ከመሻሩ በፊት የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ የራሱን ወታደሮች ጠይቋል። ከ115,000 በላይ ወታደሮች መልሰዋል። ውጤቱ በ2010 መጨረሻ ላይ ታተመ። የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ነው ብለው ከሚያምኑት ሰው ጋር በአንድ ክፍል ከሠሩት ውስጥ 92 በመቶዎቹ የክፍላቸው አብሮ የመሥራት አቅም በጣም ጥሩ፣ ጥሩ ወይም መካከለኛ ነበር ብለዋል። በውጊያ ክፍሎች፣ በተለይ በማሪኖች ዘንድ፣ ስጋቱ ከፍ ያለ ነበር። ይህንንም አልደብቅም። ግን ልዩነቱን ልብ በሉ። ከሩቅ ሆኖ የሚፈራው ሰው ብዙ ነው፤ አብሮ ሠርቶ «አልቻልኩም» ያለው ጥቂት ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ዘገባችሁ ከዳር እስከ ዳር ስለ ወንዶች ነው። ፎቶው የወንድ ነው። ምሳሌው የወንድ ነው። ሴት ወታደር የምትባል ፍጡር በዓለም ላይ ያለች አይመስልም። ይህ ክልከላ የበለጠ የጎዳው ግን ሴቶችን ነው። በዚያ ዘመን ሴቶች ከአሜሪካ ሠራዊት 15 በመቶ ያህል ነበሩ። ከተባረሩት መካከል ግን ድርሻቸው የዚያ እጥፍ ገደማ ነበር። ለምን? ሴት ወታደር የሆነች ሁሉ ያውቀዋል። አለቃዋን እምቢ ያለች ሴት «ወንድ አትወድም» ትባላለች። ወሬው አንዴ ከወጣ ማስረጃ የሚጠይቅ የለም። ወንድ ብትወድም ባትወድም ለውጥ የለውም። እምቢ ማለቷ ነው ወንጀሉ።

በእኔም ደርሷል። ክፍሉንም ሰውየውንም አልጠራም። የበላዬ የነበረ ሰው ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ ደጋግሜ እምቢ አልኩት። ብዙም ሳይቆይ ክፍል ከምጋራት ጓደኛዬ ጋር ስሜ ይነሳ ጀመር። ስንበላ ይንሾካሾካሉ። ስንገባ ዝም ይላሉ። የሥልጠና ዕድል መጥቶ ስሜ ከዝርዝሩ ወጣ። ምክንያቱን ስጠይቅ «የሥነ ምግባር ጉዳይ» ተባልኩ። የትኛው ሥነ ምግባር? ማን አየ? ማን መሰከረ? መልስ የሰጠኝ የለም። ጓደኛዬ አልቻለችም፤ ለቅቃ ወጣች። በክፍሉ ውስጥ እንደሷ ደም ሥር የሚያገኝ እጅ አልነበረም። ማንን ታፈቅር እንደነበር ጠይቄያት አላውቅም። አይመለከተኝም ነበር፤ ዛሬም አይመለከተኝም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ የእሷን ስም በቁሟ ቀበሩት። ያንን ክፍል የበተነው የማንም ፍቅር አይደለም። ወሬው ነው።

ስለዚህ ጋዜጣ ላይ «ወታደር ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጎን አይሰለፍም» ተብሎ ሲጻፍ እኔ የማስበው ስለ ባዕድ አገር አይደለም። ዛሬ የሆነ ካምፕ ውስጥ እምቢ ያለች አንዲት ልጅ አለች። ያቺን ልጅ ሊያጠፋት የሚፈልግ ሰው ዘገባችሁን ቆርጦ ኪሱ ይከታል። ይህን አስባችሁበታል?

ስለ ነርሶች ከተነሳ አንድ ስም ልጨምር፤ ዘገባው ውስጥ መኖር ነበረበት። ኮሎኔል ማርጋሬት ካመርማየር። ኖርዌይ ተወልዳ አሜሪካ ያደገች፣ ቬትናም ዘምታ በነርስነት ያገለገለች፣ ለዚያም የነሐስ ኮከብ ሜዳሊያ የተሸለመች ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1989 ለከፍተኛ የምስጢር ፈቃድ ቃለ መጠይቅ ስትደረግ ተጠየቀች፤ ሴት እንደምታፈቅር እውነቱን ተናገረች። በ1992 አሰናበቷት። ፍርድ ቤት ሄዳ ተከራከረች። በ1994 ዳኛው ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ወሰነ። ተመልሳም አገልግላ በ1997 ጡረታ ወጣች። ምስጢር ሊያስይዟት ሲሉ እውነት በመናገሯ አባረሯት! እኔ እንደ ነርስ የማስበው ቬትናም ላይ ያነሳቻቸውን ቁስለኞች ነው። ያ ሁሉ ሰው ማን እንዳከመው ነው የሚያስታውሰው።

የእንግሊዙንም በሁለት መስመር አለፋችሁት። እገዳው እ.ኤ.አ. እስከ ጥር 2000 ቆይቷል፤ ይህን ጽፋችኋል። ከተባረሩት አንዳንዶቹ ሜዳሊያቸውን መነጠቃቸውን ግን አልጻፋችሁም። ሜዳሊያ ለሲቪል ሰው ብረት ሊሆን ይችላል። ለወታደር ግን የሞተ ጓደኛው ጭምር ነው። በ2023 የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ ፓርላማ ቆመው በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ። ብዙዎቹ አርጅተው ነበር፤ ይቅርታውን ሳይሰሙ የሞቱም አሉ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉም የቀረበው ይህ ነው። አጎቴ የቃኘው ሻለቃ ዘማች ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ አፍንጮ በር ያለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ሳይሄዱ አንድ ዓመት አልፏቸው አያውቅም። ቃኘው እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሪያ ሲደርስ ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር 32ኛ ሬጅመንት ጋር ተሰለፈ። ያኔ የአሜሪካ ሠራዊት ጥቁርና ነጭን መለየቱን ገና አልተወም ነበር። ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1948 ልዩነቱ ይቅር ብለው አዘዋል፤ ግን ጥቁሮች ብቻ የሚሰለፉበት 24ኛው ሬጅመንት የተበተነው በዚያው በ1951 ጥቅምት ላይ ነው። የተቃዋሚዎቹ ክርክር ምን ነበር? ነጭ ወታደር ከጥቁር ጋር አንድ ድንኳን አያድርም፤ አብሮ አይታጠብም፤ ሥነ ሥርዓት ይፈርሳል፤ ሠራዊቱ ይበተናል። ዘገባችሁ ውስጥ ያለውን ክርክር ከዚህ ጎን አስቀምጡና አንብቡት። ቃል በቃል ነው የሚመሳሰለው። የቃኘው ልጆች በዚያ ሠራዊት መሃል ተዋጉ። አንድም አልተማረከባቸውም። አብሮ መሰለፍ አይቻልም የተባለው እኮ ስለ እኛ መልክ ጭምር ነበር።

«ጥቁርነትና ይሄ አንድ ነው ወይ?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ሁለቱን አንድ ናቸው አላልኩም። የማወራው ስለ ክርክሩ ነው። «ሌላው ወታደር አይቀበለውም» ማለት በአንዱ ላይ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ፣ በሌላው ላይ ሲነገር ማስረጃ አምጡ ማለት ይገባል። ጋዜጠኛ ደግሞ ማስረጃ መጠየቅ እንጀራው ነው።

የአገሬን ሕግም አውቀዋለሁ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ይከለክላል። እኔም ክርስቲያን ነኝ፤ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። ይህን የምጽፈው እምነቴን ጥዬ አይደለም። ሕጉ የሚናገረው ስለ ድርጊት ነው። ድርጊት ደግሞ በፍርድ ቤት ይረጋገጣል እንጂ በሹክሹክታ አይረጋገጥም። ሰውን በጠባዩ፣ በአለባበሱ፣ ባለማግባቱ ጠርጥረህ ከጎንህ አርቀው የሚል አንቀጽ የለም። ከዚህ አልፌ የራሴን ልናገር፤ ሕጉ የሰውን ጓዳ ባይገባ እመርጣለሁ። ነርስ ሆኖ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ሰውን በጓዳው መመዘን ይከብደዋል። በዚህ የማይስማሙኝ ብዙ ናቸው፤ ቡና የምንጠጣው ጓዶቼም አይስማሙኝም። ሻምበሉ ቅዳሜ ዕለት ጠረጴዛ እየደበደበ ነው የተከራከረኝ። እሱ እንኳ ግን ስለ ዓረፍተ ነገራችሁ ስጠይቀው «በእኔ ስም ማን ጻፍ አለው?» ነው ያለው።

እኛን የምታስታውሱን በበዓል ቀን ነው። ሰልፍ ሲኖር፣ ባንዲራ ሲውለበለብ፣ ለካሜራ ቁሙ ትሉናላችሁ። በሌላው ቀን ጡረታችን ስለማይበቃው የቤት ኪራይ የሚጠይቀን የለም። ስለ ወታደር አስተሳሰብ ሲጻፍም የሚጠየቀው ታክሲ ጠባቂ ነው። ሴቶቹን ደግሞ ባለቤት የማን እንደሆንን ትጠይቁናላችሁ።

የምጠይቀው ይህን ነው። ያ ዓረፍተ ነገር ይታረም። እርማቱ ዘገባው በወጣበት ገጽ፣ ሰው በሚያየው ቦታ ይውጣ፤ ጥግ ላይ በጥቃቅን ፊደል አይሁን። በቡሩንዲ ኢትዮጵያውያን ወታደሮች ከደቡብ አፍሪካ ሠራዊት ጎን መሰለፋቸው ይጻፍ። ስለ ሴት ወታደሮችም ራሱን የቻለ ዘገባ ይሠራ፤ ለዚያ ጋዜጠኛ ከላካችሁ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ እዚያው ቡና ቤት አለን። ስምንት ሴቶች ነን፤ ለመናገር ፈቃደኛ የሆንነው አምስት ነን። ስማችን እንዳይጠቀስ ግን አስቀድሞ በጽሑፍ ቃል ይግባልን።

ጡረተኛ የሠራዊት ነርስ
ከለገሃር፣ አዲስ አበባ