ቪፒኤን ያበራን ተገልጋይ ከበር አትመልሱ፦ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለመንግሥት የኦንላይን አገልግሎቶች ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በቪፒኤን ለሚገቡ ተገልጋዮች የተዘጋው ድረ ገጽ እንዲከፈት ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

ባለፈው ወር በአንድ ሆስፒታል መጠበቂያ ክፍል ያሳለፍኩት አንድ ሰዓት ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ነው ይህን የምጽፍልዎ። እናቴ ምርመራ ላይ ነበረች፤ እኔ ውጭ ቁጭ ብዬ እጠብቃታለሁ። የጡረታ መረጃዋ የሚታደስበት የመጨረሻው ቀን ያው ዕለት ነበርና ላፕቶፔን ከፈትኩ። የስልኬ ኔትወርክ እዚያ ክፍል ውስጥ አይሠራም። ያለው የሆስፒታሉ ዋይፋይ ነው፣ የይለፍ ቃሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ማንም የሚገባበት። እንዲህ ዓይነት ዋይፋይ ላይ ስሆን ሁልጊዜ ቪፒኤን፣ ማለትም ግንኙነቴን መስጥሮ በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ አገልግሎት፣ አበራለሁ። ገጹን ስከፍት ባዶ ነጭ ስክሪን ላይ አንዲት መስመር ወጣች፦ «403፣ መግባት አይፈቀድም»። ለምን እንደተከለከልኩ አይናገርም፤ የት ልጠይቅ ብል የሚደወልበት ቁጥር እንኳ የለውም።

የቪፒኤኑን ሰርቨር ቀየርኩ። ያው ነው። ኩኪዎቹን አጥፍቼ በሌላ ብሮውዘር ሞከርኩ። ያው ነው። ሦስተኛው ሰርቨር ላይ የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች ምረጥ የሚል ካፕቻ መጣ፤ መረጥኩ፣ እንደገና ምረጥ አለኝ፣ እንደገና መረጥኩ። በአራተኛው ገጹ ተከፈተልኝ። ቅጹን ሞልቼ፣ የእናቴን መታወቂያ አያይዤ «ላክ» የሚለውን ስጫን ያቺው 403 ተመልሳ መጣች። የጻፍኩት ሁሉ ጠፋ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። ቪፒኤኑን አጠፋሁትና የመታወቂያ ቁጥሯን፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥሯን፣ የመኖሪያ አድራሻዋን ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ዋይፋይ ላክሁ።

ገጹ ኤችቲቲፒኤስ ስለሚጠቀም የጻፍኩት ነገር ራሱ የተመሰጠረ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ኔትወርኩን የሚቆጣጠር ሰው የትኛው ድረ ገጽ ላይ እንደገባሁና ምን ያህል እንደቆየሁ ማየት ይችላል። የሆስፒታሉን ዋይፋይ ስም ሰጥቶ የራሱን ዋይፋይ የሚከፍት፣ ሰውንም ወደ ሐሰተኛ ገጽ ለመጎተት የሚሞክር አጭበርባሪም አለ። እናቴ ይህን ሁሉ አታውቅም፤ አምናኝ ነው ወረቀቶቿን የሰጠችኝ።

እገዳው ያለምክንያት እንዳልመጣ ይገባኛል። የይለፍ ቃል በጅምላ የሚሞክሩ ሮቦቶች አሉ፤ ሰርቨር በጥያቄ ብዛት የሚያጨናንቁም አሉ፤ ብዙዎቹ ከቪፒኤን ጀርባ ይመጣሉ። ቪፒኤን ሲበራ ድረ ገጹ የሚያየው የእኔን ሳይሆን የቪፒኤኑን ሰርቨር አይፒ አድራሻ፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ የሚለይበትን ቁጥር፣ ነው። እነዚህ አድራሻዎች በአብዛኛው የዳታ ሴንተር፣ የብዙ ሰርቨሮች ማዕከል፣ ስለሆኑ ተለይተው ይታወቃሉ፤ ዝርዝራቸውን አዘጋጅተው የሚሸጡ ድርጅቶችም አሉ። ዝርዝሩን ገዝቶ መዝጋት ቀላል ነው። ችግሩ አንዱን አድራሻ እጅግ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ መጋራቱ ነው። አንዱ ጥፋት ሲሠራ የቀሩት ባልበሉት ዕዳ ይከፍላሉ።

ሌባው ግን አይቸገርም። የተሰረቀ የይለፍ ቃል የያዘ ሰው የመኖሪያ ቤት ኢንተርኔት አድራሻ ተከራይቶ ይገባል። እንዲህ ያለው አድራሻ በገበያ ላይ ይሸጣል፤ የእናንተ ማጣሪያም እንደ ማንኛውም ተገልጋይ ያሳልፈዋል። እኔ እንኳ፣ ሙያዬ ኮምፒውተር ያልሆነው፣ በአራተኛ ሙከራዬ ገብቻለሁ። አይፒ አድራሻ የሰው መታወቂያ ሆኖም አያውቅም። አሮጌው የአድራሻ ሥርዓት፣ አይፒቪ4፣ ከ4.3 ቢሊዮን የማይበልጥ አድራሻ ስላለው የሞባይል ኩባንያዎች አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኛ ማካፈል ከጀመሩ ቆይተዋል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ እገዳው ሰዉን ወዴት እንደሚገፋው ነው። ሰው መፍትሔ መፈለጉ አይቀርም። አንዳንዱ ለብቻው የሚሆን ቋሚ አድራሻ ከቪፒኤኑ ድርጅት በተጨማሪ ክፍያ ይገዛል፤ የመንግሥት ቅጽ ለመሙላት ገንዘብ ከፈለ ማለት ነው። ሌላው የቪፒኤኑን ትራፊክ ድረ ገጾች በሚጠቀሙበት መግቢያ፣ በፖርት 443፣ አሳልፎ ተራ የድረ ገጽ ትራፊክ ያስመስለዋል፤ ይህ የሚጠቅመው ኔትወርኩ ራሱ ቪፒኤን ሲከለክል ነው፣ አድራሻን ለሚያይ ድረ ገጽ ምንም አይለውጥም። ስፕሊት ተነሊንግ የሚጠቀሙም አሉ፤ ሌላው ሁሉ በቪፒኤን ሲያልፍ የእናንተ ገጽ ብቻ ከውጭ ይቀራል፣ ከሁሉ በላይ ጥበቃ የሚያስፈልገው ገጽ ማለት ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ባለቤቱ የማይታወቅ ነፃ ቪፒኤን አውርዶ ገና ዝርዝር ውስጥ ስላልገባ በእሱ መግባት ነው። የከፈለ ሰው የሚታመን ድርጅት አድራሻ ተዘግቶበት፣ ማን እንደሚያዳምጠው በማያውቀው መንገድ መታወቂያውን ይልካል።

ከሚያሳድዳት ሰው ተደብቃ የምትኖር ሴትም ተገልጋያችሁ ናት። ለእሷ ቪፒኤኑን ማጥፋት ያለችበትን አካባቢ ማሳወቅ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ሰውን በመጣበት መንገድ ሳይሆን በማንነት ማረጋገጫው መርምሩት። ፓስኪ፣ ማለትም በይለፍ ቃል ፈንታ በስልክ ወይም በኮምፒውተር የሚቀመጥ የመግቢያ ቁልፍ፣ የተመሠረተበት ዌብኦተን ከ2019 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የድር ደረጃ ነው፤ በስልክ መተግበሪያ የሚወጣ የአንድ ጊዜ ኮድ ደግሞ ከዚያም የቆየ ነው። አንድ አካውንት ላይ የይለፍ ቃል በተደጋጋሚ ሲሳሳት ያንን አካውንት አዘግዩት። አድራሻው ካጠራጠራችሁ ተጨማሪ ማረጋገጫ ጠይቁኝ፣ በደስታ እሰጣለሁ። የሚነበብ መረጃ ብቻ ያለባቸውን ገጾች፣ መመሪያና የሥራ ሰዓት የሚገልጹትን፣ ለምን እንደምትዘጉ ጨርሶ አልገባኝም።

መከልከል የግድ ከሆነ ደግሞ በሩ ላይ ከልክሉኝ፤ ቅጹን አስሞልታችሁ፣ ሰነድ አስያይዛችሁ መጨረሻ ላይ አትጣሉኝ። ምክንያቱንም ጻፉት። በሕግ ትእዛዝ ለተዘጋ ገጽ እንደ 403 ያለ፣ 451 የሚባል የተለየ የስህተት ኮድ በ2016 የወጣው የተከለከለ ሰው ለምን እንደተከለከለ እንዲያውቅ ነው። የእናንተም ገጽ «በቪፒኤን ስለገቡ ነው፤ በዚህ ስልክ ይደውሉ ወይም በዚህ ቢሮ በአካል ይቅረቡ» ቢል ኖሮ እኔ ያን ሃያ ደቂቃ በሌላ መንገድ እጠቀምበት ነበር።

በማግስቱ ለተገልጋይ ድጋፍ ክፍሉ ጽፌ የደረሰኝ መልስ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ቪፒኤኑን አጥፍተው ይሞክሩ።» የጻፈው ሠራተኛ የታዘዘውን ነው ያደረገው፤ በእሱ አላዘንኩም። ትእዛዙን መቀየር የሚችሉት እርስዎ ስለሆኑ ነው ለእርስዎ የጻፍኩት። የእናቴ መረጃ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ቀን ይታደሳል፤ ያን ጊዜም ቪፒኤኔን አብርቼ ነው የምመጣው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ተገልጋይ