የላላ ቡሎንና የባትሪ ዋስትና

ለዝግጅት ክፍሉ፦

የሊቲየም ባትሪ ተርሚናል (ገመዱ በቡሎን የሚታሰርበት ጫፍ) ሲግል ኃላፊው ማን እንደሆነ የሚነሳው ክርክር በከተማችን በጅማ ትኩረት ሊሰጠው ይገባል።

ሂርማታ አካባቢ ባለው የልብስ ስፌት ቤቴ የተተከለው ባትሪ በአራተኛ ወሩ የፖዘቲቭ ተርሚናሉ ሽፋን ቀልጦ ስመልሰው፣ ሻጩ ቡሎኑ መላላቱን ጠቅሶ «የተጠቃሚ ጥፋት ነው» በማለት ዋስትናውን ከለከለኝ፤ የተከለው ግን የራሱ ባለሙያ ነበር፣ እኔም ቡሎኑን ነክቼው አላውቅም።

የላላ ቡሎን በእርግጥ ያግላል። 1200 ዋት ካውያ በኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃዎች ወደሚሆን ኤሌክትሪክ በሚቀይረው መሣሪያ) በኩል ከ12 ቮልት ባትሪ 100 አምፔር ገደማ ይስባል፤ የላላው መጋጠሚያ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ (ሬዚስታንስ) 2 ሚሊኦም ብቻ ቢሆን እንኳ በዚያች ጠባብ ስፍራ 20 ዋት ሙቀት ይፈጠራል። ሙቀቱ መጋጠሚያውን ይበልጥ ስለሚያበላሸው ችግሩ ራሱን እያባባሰ ይሄዳል። የባትሪው መቆጣጠሪያ ብዙውን ጊዜ የሚለካው የውስጡን ሴሎች ሙቀት እንጂ የተርሚናሉን አይደለም፤ ስለዚህ ገዢው ሽታውና ጭሱ እስኪመጣ ድረስ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ሊያውቀው በማይችለው ነገር ጥፋተኛ መባሉ ፍትሐዊ አይደለም።

የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሻጮች በዋስትና ወረቀቱ ላይ የቡሎኑን የማጥበቂያ ልክ በኒውተን ሜትር፣ እንዲሁም ያጠበቀውን ባለሙያ ስምና ፊርማ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ እንዲያሰፍሩ፣ ከተከላው አንድ ወር በኋላም ተመልሰው እንዲፈትሹ እንዲያስገድድ እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢ፣ ከጅማ