የጤና ሳይንስ ክበብ፦ ዓመቱን ላብራቶሪ ውስጥ አሳለፍነው

የጤና ክበብ ሲባል የሚታወቀው ነገር ያው ነው። ሰልፍ ላይ ስለ እጅ መታጠብ ማንበብ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ድራማ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ፎቶ መነሳት። ዘንድሮ እሱን ተወት አድርገን የሕክምና ላብራቶሪ ውስጥ ገባን። ሐሳቡን ሳቀርብ ግማሹ አባል ፊቱን አጨማደደ። ልጆቹ የፈለጉት ስቴቶስኮፕ አንገት ላይ ማንጠልጠል ነበር፤ እኔ ደግሞ ስለ ሽንት ላወራ መጣሁ።

ግን እስቲ አስቡት። ስኳር አለብህ፣ ኩላሊትህ ደክሟል የሚባለው ሐኪሙ በዓይኑ አይቶ አይደለም። ኩላሊት በተለይ ብዙ እስኪጎዳ ድረስ ድምፁን አያሰማም፤ ሰውዬው ምንም ሳያመው ደሙ ውስጥ ክሪያቲኒን (ኩላሊት አጣርቶ የሚያስወጣው ቆሻሻ) ቀስ እያለ ይጨምራል። ይህን ለክቶ የሚናገረው በክሊኒካል ኬሚስትሪ፣ ማለትም ደምና ሽንት ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር በሚለካው ክፍል የሚሠራ፣ ታካሚው ስሙን እንኳ የማያውቀው ባለሙያ ነው። እኛም ዓመቱን ሙሉ የዚያን ሰው ሥራ ለማየት ነው የሞከርነው።

በስኳር ጀመርን። ድሮ ሐኪሞች ሽንት ይቀምሱ እንደነበር ስነግራቸው ክፍሉ ተረበሸ፣ ግን እውነት ነው። በ1776 እ.ኤ.አ. ማቲው ዶብሰን የተባለ የሊቨርፑል ሐኪም የስኳር ሕመምተኛ ሽንት አትንኖ የቀረው ነገር ስኳር መሆኑን አሳየ። እኛ ቀጠን ባለ ሻይ ውስጥ የፋርማሲ ግሉኮስ ጨምረን «ሽንት» ሠራን፤ ቤኔዲክት የሚባለውን የስኳር መመርመሪያ ፈሳሽ ጨምረን ስናሞቀው ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያ ወደ ጡብ ቀይ ተለወጠ። አንዱ ልጅ ተራ ስኳር ይሞከር አለ። ሞከርነው፣ ምንም የለም፣ ሰማያዊው ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። «ቲቸር፣ ስኳሩ ስኳር አይደለም እንዴ?» ከዚህ ጥያቄ የተነሳው ክርክር አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ በላብን። በቀጭን አሲድ አፍልተን፣ አሲዱን በሶዳ አጥፍተን እንደገና ስንሞክረው ቀላ። ተራው ስኳር ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ሲፈርስ ብቻ ነው ከቤኔዲክት ጋር የሚሠራው።

ፕሮቲን ቀላል ነበር። የእንቁላል ነጩን በውሃ አቅጥነን፣ አቼቶ ጠብ አድርገን አሞቅነው፤ ወዲያው ደፈረሰ። የሽንት ፕሮቲን ድሮ እንዲህ ነበር የሚታየው።

የጉበቱ ሙከራ ግን ሌላ ነው። ከሥጋ ቤት ጥሬ ጉበት አመጣን። አንዱን ቁራጭ እንዳለ፣ ሌላውን ወቅጠን በጨው ውሃ ውስጥ አስቀመጥንና ውሃውን ብቻ ቀድተን ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ጨመርንበት። የተወቀጠው አረፋ ገንፍሎ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፣ ሌላው ለስሙ ያህል ብቻ አረፋ አወጣ። አረፋውን የሚያስነሳው ከተጎዳው ሕዋስ ወደ ውሃው የወጣ ኢንዛይም ነው። ኤኤልቲ እና ኤኤስቲ የሚባሉት የጉበት ምርመራዎች ሐሳባቸው ይኸው ነው፤ ሕዋስ ሲጎዳ ውስጡ የነበረው ኢንዛይም ወደ ደም ይወጣል። ኤኤስቲ ጡንቻ ውስጥም ስላለ ከባድ ስፖርት ሠርቶ የመጣ ሰው ጉበቱ ደህና ሆኖም ቁጥሩ ሊጨምር ይችላል። የእግር ኳስ ቡድኑ ልጆች ይህቺን በጣም ወደዷት።

በየካቲት አንድ ሆስፒታል ላብራቶሪውን እንድናይ ፈቀደልን። ልጆቹ ማሽን ሊያዩ ሄደው አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፉት ግን ናሙና መቀበያው ጋ ነው፤ ለእኔም የዓመቱ ትልቁ ትምህርት እዚያ ነበር። የተሳሳተ ውጤት ሲባል ሰው ማሽኑን ይጠረጥራል። አብዛኛው ስህተት ግን ደሙ ማሽኑ ጋ ሳይደርስ ነው የሚፈጠረው። ባለሙያዋ ፈሳሹ ቀይ የሆነ አንድ ቱቦ አንስታ «ይሄ አይሠራም፣ እንደገና ይቀዳ» አለች። ደሙ ሲቀዳ ወይ ሲንቀጠቀጥ ቀይ የደም ሕዋሳቱ ፈንድተዋል ማለት ነው። ሕዋሳቱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ውጭ ካለው ከ20 እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ ጤነኛው በሊትር 3.5 እስከ 5 ሚሊሞል ገደማ መሆን የሚገባው የፖታሲየም ቁጥር ዝም ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። እውነተኛው ከፍተኛ ፖታሲየም ልብ ሊያቆም ይችላል፤ ሐኪሙ ሐሰተኛውን አምኖ ጤነኛውን ሰው ማከም ቢጀምርስ?

ሐምራዊ ክዳን ያለው ቱቦ ውስጥ ያለው፣ ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ ደግሞ የፖታሲየም ጨው ነው፣ ካልሲየምንም ያስራል። አንድ ሰው ከእሱ ወደ ሌላ ቱቦ ደም ቢገለብጥ ፖታሲየሙ ሰማይ ይነካል፣ ካልሲየሙ ይወድቃል። አንዷ የ10ኛ ክፍል ልጅ ቀበል አድርጋ «ታዲያ ሁለቱ አብረው ከተበላሹ ጥፋቱ ከቱቦው መሆኑ ይታወቃላ?» ስትል ባለሙያዋ ሳቀችና «አንቺ ነገ ሥራ ጀምሪ» አለቻት።

ስኳሩም እንደዚያው። ደም ከተቀዳ በኋላም ሕዋሳቱ መብላታቸውን አያቆሙም፤ ፈሳሹ ከሕዋሳቱ ሳይለይ ከተቀመጠ ግሉኮሱ በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በባዶ ሆድ ስኳሩ በዴሲሊትር 130 ሚሊግራም የነበረ ሰው ናሙናው ሁለት ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ቢቆይ 115 ገደማ ይሆናል። የስኳር ሕመም የሚባለው ከ126 ጀምሮ ስለሆነ ሰውዬው አመስግኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ግራጫ ክዳን ያለው፣ ሕዋሳቱን ከመብላት የሚያግደው ፍሎራይድ የተጨመረበት ቱቦ ያለው ለዚህ ነው። ከምርመራው በፊት ጥቂት ቀን ጣፋጭ ቢተው ማታለል ይቻላል ወይ ብሎ የጠየቀም አልጠፋም (ለማን እንደሆነ አልጠየቅነውም)። ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ የሚባለው የደም ምርመራ የሁለት ሦስት ወሩን አማካይ ስኳር ስለሚናገር ያ ብልጠት እዚያ አይሠራም።

ማሽኑ ራሱ በየጠዋቱ ይፈተናል። ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና ይሰጠዋል፣ ከገደቡ ከወጣ የታካሚ ደም አይነካም። ልጆቹ ፈተና እነሱ ላይ ብቻ እንዳልሆነ ሲሰሙ ደስ አላቸው፣ ምን ላድርግ።

ከዚያ የሒሳብ መምህራችንን ጠራናቸው። «ኖርማል» የሚባለው ክልል ብዙ ጊዜ የጤነኞችን 95 በመቶ የሚይዝ ስለሆነ፣ ከ20 ጤነኛ አንዱ በሕጉ ራሱ ከክልሉ ውጭ ነው። አንድ ጤነኛ ሰው አንዱ ከሌላው ጋር የማይገናኙ 20 ምርመራዎች ቢያደርግ ቢያንስ አንዱ የመውጣት ዕድሉ ስንት ነው? 64 በመቶ። ወላጆች፣ ውጤት ወረቀት ላይ ኮከብ ወይም ቀስት አይታችሁ እንቅልፍ ያጣችሁ ካላችሁ ይህን ስሌት ልጆቻችሁን ጠይቋቸው፤ ከዚያ ወረቀቱን ይዛችሁ ሐኪማችሁ ጋ ሂዱ። ሁሉንም ምርመራ በአንዴ ማዘዝ ጥሩ ነው የሚለውን ወሬ እኔ በበኩሌ አልወደውም።

ያልተሳካልን የቀለም መለኪያው ነው። በምግብ ቀለም መጠናቸው የታወቀ ፈሳሾች ሠርተን በስልክ ካሜራ ጥልቀታቸውን ልንለካ ነበር። ማሽኖቹም ብዙውን ምርመራ የሚሠሩት ብርሃን አሳልፈው ቀለም በመለካት ነው፤ ክሪያቲኒንን በቀለም የሚለካው፣ ያፌ የተባለ ሳይንቲስት በ1886 እ.ኤ.አ. ባሳወቀው የቀለም ለውጥ ላይ የተመሠረተው የያፌ ዘዴ እስካሁን ይሠራበታል። እኛ ጋ ግን ደመና በመጣ ቁጥር ቁጥሩ ተለዋወጠ። ለመጪው ዓመት መብራት ያለው ዝግ ካርቶን እንሠራለን።

ቤኔዲክት አልቋል፣ የሙከራ ቱቦዎቹም ተመናምነዋል፤ ማን እንደሰበረ ክበቡ ያውቃል፣ መጽሔቱ ማወቅ የለበትም። ምዝገባ መስከረም ላይ ነው። ስብሰባው እንደተለመደው ዓርብ ከሰዓት ባዮሎጂ ላብራቶሪ። ጋዋን ያለው ይዞ ይምጣ።